ሞዴል አውሮፕላንን የጦርነት ዘመን ፎቶ ማስመሰል

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜዬ የአውሮፕላን ሞዴሎችን እገጣጥማለሁ። በ1፡72 ስኬል (ከእውነተኛው 72 ጊዜ አሳንሼ) የሠራኋቸውን የእንግሊዝ ስፒትፋየርና የጀርመን ሜሰርሽሚት 109 እ.ኤ.አ. በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ የሚዋጉ አስመስዬ በስልኬ አነሣቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ጥቁርና ነጭ አድርጌያቸው፣ የአሮጌ ፎቶ ማጣሪያም ጨምሬባቸው እንኳ አሻንጉሊት ከመምሰል አልዳኑም። ምን ጎደለኝ?
መ.ተ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የላኩልንን ፎቶዎች በጥሞና ተመልክተናቸዋል። በቀለም ቅቡም ሆነ በምልክቶቹ አለጣጠፍ ላይ ነቀፋ የለንም፤ አሻንጉሊትነታቸውን የሚያጋልጠው ካሜራው እጅግ ቀርቦ መቆሙ ነው። በስልክ የሚያነሣ ሰው ሞዴሉ ምስሉን እንዲሞላለት ብሎ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል፤ ይህ ርቀት በ72 ሲባዛ ከ14 ሜትር ተኩል አይበልጥም። በውጊያ መካከል ከጠላት አውሮፕላን 14 ሜትር ላይ ሆኖ ተረጋግቶ ፎቶ የሚያነሣ ሰው አይኖርም። በዚያ ቅርበት ወደ ካሜራው የዞረው የክንፍ ጫፍ ያለ ልክ ይገዝፋል፣ ጅራቱ ይኮስሳል፣ ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ባያውቀው እንኳ አንድ ነገር እንደተዛባ ወዲያው ይሰማዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ይወስኑ፤ ፎቶ አንሺው በእውነቱ ዓለም የት ነበር? 100 ሜትር ርቆ በሚበር ሌላ አውሮፕላን ውስጥ ነበር ካሉ፣ ስልክዎን ከሞዴሉ 1 ሜትር ከ40 ያርቁትና የሚፈልጉትን ክፍል ቆርጠው ያጉሉት። በማጉላት የሚጠፋው ጥራት አያሳስብዎ፤ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ከአየር ላይ ውጊያ የቀሩልን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምስሎች በብዛት የተገኙት ከመትረየሱ ጋር ተያይዞ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ከሚቀርጽ ትንሽ ካሜራ ነው። አብራሪው መተኮሻውን ሲጫን ካሜራውም ይቀርጻል። የሚያየው መትረየሱ ያነጣጠረበትን አቅጣጫ ብቻ በመሆኑ፣ ጠላት የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከኋላው፣ አንሶና ተንቀጥቅጦ፣ አንዳንዴም ከምስሉ ጠርዝ ሊያመልጥ ሲል ነው። ብዙ የእንግሊዝ ተዋጊ አብራሪዎች የመትረየሶቻቸው ጥይት በ250 ያርድ፣ ማለትም በ230 ሜትር ገደማ ላይ እንዲገናኝ ያስተካክሉ ነበር፤ ይህ በእርስዎ ስኬል 3 ሜትር ከ20 ነው። የሜሰርሽሚቱ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሴንቲ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ከዚያ ርቀት ስልኩን በእጅዎ ይዘው ከኋላው ቢያነሡትና አጥብቀው ቢያጎሉት፣ ሁለቱን አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ካሰለፉበት ፎቶ ይልቅ አሳማኝ ሆኖ ያገኙታል።

ቀለሙን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ጥቁርና ነጭ ፊልም በሥራ ላይ ነበር፤ አንደኛው ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ቀይን አያይም፣ ፓንክሮማቲክ የሚባለው ግን ቀለሞችን ሁሉ ይቀበላል። የእርስዎ ሜሰርሽሚት እንደ 1940ው የበጋ መጨረሻ አፍንጫው ቢጫ ነው። ይህ ቢጫ በኦርቶክሮማቲክ ፊልም ጠቁሮ፣ በፓንክሮማቲክ ደግሞ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ በስፒትፋየሩ ክብ ምልክት ላይም ኦርቶክሮማቲኩ ቀዩን ያጠቁረዋል፣ ሰማያዊውን ያነጣዋል። በማስተካከያ ፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ማጥቆርና ማንጣት ስለሚቻል አንዱን ፊልም ይምረጡና በእሱ ይጽኑ። ኦርቶክሮማቲኩን ከመረጡ ሰማዩ ከሞላ ጎደል ነጭ ሊሆን ይገባል፤ በላኩልን ፎቶ ላይ ያለው ጥቁር ማዕበል ያዘለ ደመና ከዚያ ፊልም ጋር አይሄድም።

ለብርሃን ከፀሐይ የተሻለ የለም። ከመብራት የሚመጣ ብርሃን ምንጩ ቅርብ ስለሆነ በአንዱ ክንፍ ላይ ደምቆ በሌላው ላይ ይደክማል፤ እውነተኛ አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታይም። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ በረንዳ ወይም ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ እውነተኛውን ሰማይ ዳራ አድርገው ያንሡ። ሞዴሉን በዓሣ ማጥመጃ ክር ከማንጠልጠል ይልቅ ካሜራው በማያየው ጎኑ በቀጭን ዘንግ ቢይዙት ይሻላል፤ ክር በነፋስ ይወዛወዛል፣ ብርሃንም ያንጸባርቃል። አብለጭላጭ ቀለም ካለበት ደብዛዛ ቫርኒሽ ይቀቡት። በብረቱ መጋጠሚያ ምትክ የተቀረጹትን መስመሮች በጥቁር ቀለም አይሙሏቸው፤ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነች መስመር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ስንጥቅ ማለት ናት።

ፕሮፔለሩ ቆሞ ከታየ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ ነፋስ እያሽከረከሩ ሹተሩን (የካሜራውን ብርሃን ማስገቢያ) ለሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ያህል ከፍቶ ማንሣት ይቻላል፤ ሆኖም የስልክ ካሜራ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ቅጠሎቹን አንዳንዴ እንደ ማጭድ ያጎብጣቸዋል። ይህ ከገጠመዎ ቅጠሎቹን ነቅለው ያንሡና ብዥታውን በኋላ በፕሮግራሙ ይሳሉት። ለጭስ ባዘቶ ጥጥ የሚጠቀሙ አሉ፤ ወደ ኋላ በደንብ ካልተሳበ ግን የቆመ ደመና ይመስላል።

የፊልሙን ቅንጣት የሚመስለውን ሻካራነት በመጨረሻ፣ በሞዴሉም በሰማዩም ላይ እኩል ይጨምሩ። ቡናማውን ቀለምና የተቀደደውን ጠርዝ ግን እባክዎ ይተዉልን! በአግባቡ የተቀመጠ ኔጋቲቭ ሰማንያ ዓመት ቢሞላውም እንዲያ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የሠራውን እንዲህ ያለ ፎቶ ለጓደኞቹ ልኮ ነበር። አሁን “እውነተኛ የጦርነት ፎቶ” ተብሎ ከማያውቃቸው ሰዎች ተመልሶ እየደረሰው ነው። ምን ያድርግ?
ሰ.ገ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድምዎ የማታለል ሐሳብ እንዳልነበረው ተረድተናል፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተነሡ የተባሉ የአየር ውጊያ ፎቶዎች በመጽሐፍ ታትመው ነበር፤ ያነሣቸውም ስሙ ያልተገለጸ የእንግሊዝ አብራሪ እንደሆነ ተነገረ። አውሮፕላኖቹ ያለ ልክ ተቀራርበው መታየታቸው አንዳንዶችን ቢያጠራጥርም፣ እውነቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም በኩል ነው። ፎቶዎቹን የፈጠራቸው ዌስሊ አርቸር የተባለ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከእንግሊዝ አየር ኃይል ጋር የበረረና በኋላም ለፊልም ሥራ ሞዴሎችን የሚያዘጋጅ አሜሪካዊ ነበር። የሞዴል ሥራው እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው፤ ይሁን እንጂ በግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ ፎቶዎቹን እንደ ማስረጃ የተቀበሉ አንባቢዎች ተሳስተዋል።

ወንድምዎ ለላከላቸው ሰዎች ሁሉ ሞዴል መሆኑን አሁኑኑ ይጻፍላቸው። ከእንግዲህ ሲልክ ደግሞ “ሞዴል” የሚለውን ቃል በምስሉ ጥግ ላይ ሳይሆን ለአውሮፕላኑ ቀረብ አድርጎ ያስፍር፤ በጥጉ ላይ ያለ ጽሑፍ በቀላሉ ተቆርጦ ይቀራል። ዘንጉ የሚታይበትን ያልተስተካከለውን ፎቶም አያጥፋው፤ ሰው ሲከራከረው የሚያሳየው እሱን ነው።