ቮልቱን ሳትለኩ አታስሉ፦ ለወጣት ኤሌክትሪሺያኖች

ልጆቼ፣ ቀመሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል ሬዚስታንስ ነው፣ ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ ፓወር። ስሌቱን የሚያበላሸው የምታስገቡት ቁጥር ነው። ከረንቱን በመሣሪያ ለክታችሁ ቮልቴጁን በልማድ 220 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ የወጣው ውጤት ፊታችሁ ያለውን ዕቃ አይመለከትም።

የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። በ220 ቮልት 16 አምፒር የሚስብ ምጣድ ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ፓወሩ 3520 ዋት ነው። ሰፈሩ ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ሽቦ ሬዚስታንስ ብዙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ከረንቱ ወደ 13.1 አምፒር፣ ፓወሩ ወደ 2356 ዋት ይወርዳል። ቮልቱ የቀነሰው 18 በመቶ ሲሆን ሙቀቱ ግን 33 በመቶ ቀንሷል፤ ፓወር የሚከተለው የቮልቴጁን ስኩዌር ነውና። እንጀራው ዓይን አላወጣም ተብላችሁ ስትጠሩ፣ ምጣዱን ከመፍታታችሁ በፊት ይህን አስቡ። ቮልቱ 195፣ ከረንቱ 14.2 ከሆነ 13.7 ኦም ይወጣል፣ ምጣዱ ጤነኛ ነው። 195 ሳትለኩ 220 ብትጽፉ ግን 15.5 ኦም ይወጣና ደህናውን ሽቦ ትቀይራላችሁ።

ሁለቱን ንባብ በአንድ ጊዜ፣ ምጣዱ እየሠራ፣ ከሞቀ በኋላ ውሰዱ። ቮልቱን የምትለኩት በምጣዱ ተርሚናል ላይ ነው፤ ማከፋፈያው ላይ ከለካችሁ ገመዱ የበላውን ቮልት ለምጣዱ ትቆጥሩለታላችሁ። ለከረንቱ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጥ አቅፎ የሚለካውን) ተጠቀሙ፣ ተራ መልቲሜትር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አምፒር በላይ አይችልም። ክላምፑ የሚያቅፈው አንድ ሽቦ ብቻ ይሁን። ፌዙንና ኒውትራሉን (ከረንት የሚያመጣውንና የሚመልሰውን ሽቦ) አብሮ ካቀፈ የሁለቱ ከረንት ተጣፍቶ ዜሮ ያሳያችኋል። በመልቲሜትር ከረንት ለክታችሁ ስትጨርሱ ቀዩን ገመድ ወዲያውኑ ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሱ። በአምፒር ቀዳዳ ላይ እንዳለ ፌዝና ኒውትራል ላይ ካሳረፋችሁት ሾርት አድርጋችኋል፤ እጅና ፊት የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

በጣም የማሳስባችሁ መገጣጠሚያ ነው። በሶኬት ውስጥ የላላ ብሎን 0.2 ኦም ፈጠረ እንበል። ከምጣዱ 13.75 ጋር ሲደመር 13.95 ኦም፣ ከረንቱ ወደ 15.8 አምፒር ነው። ብሬከሩ አይወርድም፤ እንዲያውም ከረንቱ ከበፊቱ ያነሰ ነው። በዚያች ነጥብ ላይ ግን ወደ 50 ዋት ሙቀት ይወጣል። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚበይድበትን መበየጃ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰክቶ እንደ መተው ነው። ሙቀቱ ብረቱን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱ ሙቀቱን። ሶኬት ጠቁሮ የሚቀልጠው በዚህ ነው።

ይህን 0.2 ኦም በኦም መለኪያ አታገኙትም። የመለኪያው የራሱ ገመዶች ብቻ 0.2 ወይም 0.3 ኦም አላቸው፤ መሣሪያው የሚልከው ከረንትም እጅግ ትንሽ ነው። ዘዴው ሌላ ነው። ምጣዱ እየሠራ መለኪያችሁን በኤሲ ቮልት ላይ አድርጉና በዚያው በፌዙ መስመር ላይ አንዱን ጫፍ ከመገጣጠሚያው በፊት፣ ሌላውን በኋላ አሳርፉ። ጤነኛ ከሆነ ጥቂት አሥር ሚሊቮልት ብቻ ታያላችሁ። 3.15 ቮልት ካነበባችሁ ለ15.8 አካፍሉ፣ 0.2 ኦሙን አገኛችሁት። በኒውትራሉም ላይ ድገሙ፤ ብዙ ሰው ኒውትራልን ይረሳል፣ እሱም እኩል ይቃጠላል። ሥራው ቀጥታ በኤሌክትሪክ ላይ ስለሆነ ጫፋቸው ብቻ የተገለጠ መለኪያ ገመዶች ያዙ፣ ብቻችሁንም አትሥሩ። ብሎኑን በካቻቪቴ የምታጠብቁት ግን ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ መስመሩ መሞቱንም ለክታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው። የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ ቁረጡት፤ የተቃጠለ መዳብን ብታጠብቁት አይድንም።

የተበጠሰ የምጣድ ሽቦ ጫፉን ቆርጦ መቀጠልም የተለመደ ነው። አሥረኛው ቢቆረጥ ሬዚስታንሱ ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፣ ከረንቱ ወደ 17.8 አምፒር ይወጣል። እያንዳንዱ ሜትር የሚሸከመው ሙቀት 23 በመቶ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሽቦው ቶሎ ተመልሶ ይበጠሳል። መተካት ይሻላል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 80/20 ኒክሮም (80 በመቶ ኒኬል፣ 20 በመቶ ክሮሚየም የሆነ የማሞቂያ ሽቦ) በሜትር ወደ 1.4 ኦም ስላለው፣ 13.75 ኦም ለማግኘት 9.8 ሜትር ግድም ይበቃል። ከመቁረጣችሁ በፊት ሽቦውን በኦም መለኪያ ለኩት፤ የመለኪያውን ገመዶች እርስ በርስ አነካክታችሁ ያሳዩትንም ከንባቡ ቀንሱ። ስትዘረጉት ጥምዞቹ እንዳይነካኩ እኩል አራርቋቸው፤ የተነካካ ጥምዝ የተቆረጠ ሽቦ ያህል ነው።

ኒክሮም ሲሞቅ ሬዚስታንሱ በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሚጨምር ምጣድን በቀዝቃዛው ብትለኩም ብዙ አትሳሳቱም። የድሮው ባለ ክር አምፖል ግን ሌላ ነው፦ 100 ዋቱ ሲበራ 484 ኦም፣ ጠፍቶ ሲለካ ከ40 ኦም ብዙም የማይርቅ።

የወፍጮ ሞተር ላይ ደግሞ ይህን ስሌት እንዳለ አትውሰዱት። እዚያ ቮልትና አምፒር ስታባዙ የምታገኙት ቮልት አምፒር እንጂ ዋት አይደለም። የፓወር ፋክተሩ (ከቮልት አምፒሩ ውስጥ ዋት የሚሆነው ድርሻ) 0.8 ከሆነ ዋቱ የብዜቱ 80 በመቶ ብቻ ነው፤ በሦስት ፌዝ ከሆነ በሁለት ፌዞች መካከል የለካችሁት ቮልት በ1.73 ጭምር ይባዛል። ቮልቱን ለአምፒሩ አካፍላችሁ የምታገኙትም በሞተሩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅል ሬዚስታንስ አይነግራችሁም። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ከረንቱን በአብዛኛው የሚገድበው የማግኔቱ ሥራና የተጫነበት ጭነት ነው። ጥቅሉን መመርመር ስትፈልጉ ሞተሩን አጥፉ፣ ከመስመሩም ነጥሉት፤ ከዚያ የሦስት ፌዝ ሞተር ከሆነ ሦስቱን ጥቅሎች በኦም መለኪያ አነጻጽሩ። አንዱ ከሁለቱ በግልጽ ከተለየ ችግሩ እዚያ ነው።