ስለ ኦርቪል ፔክ ጠይቁኝ

ጭምብል ለባሹን የካንትሪ ዘፋኝ ከመጀመሪያ አልበሙ ጀምሮ እከታተለዋለሁ። የምችለውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አደራ፣ መጀመሪያ አንደኛውን አልበሙን፣ «ፖኒ»ን ስሙ።

ጥያቄ፦ ከየት ነው?
መልስ፦ ጆሃንስበርግ ተወልዶ ኋላ ካናዳ የገባ ነው። ድሮ ፐንክ ባንድ ውስጥ ድራም ይመታ ነበር። ጌይ መሆኑን በግልጽ ይናገራል።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ስሙስ? ፊቱስ?
መልስ፦ እሱን አልመልስም።

ጥያቄ፦ ያለ ትልቅ ኩባንያ እንዴት ታወቀ?
መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ! «ፖኒ» መጋቢት 2019 ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ራሱ ነው። ያሳተመለት በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ያለው የሙዚቃ አሳታሚ ሰብ ፖፕ ነው፤ የሮክ ባንዱን የኒርቫናን የመጀመሪያ አልበም ያወጣው። ድምፁ ወፍራም ነው። ከታች ተነስቶ ድንገት ሲወጣ ያስደነግጣል። «ዴድ ኦፍ ናይት»ን ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የኔቫዳ በረሃ አለ፣ ምላሽ ያላገኘ ፍቅር አለ። «ቢግ ስካይ» ላይ ደግሞ ሦስት ያለፉ ፍቅሮቹን ያነሳል፦ ሞተረኛ፣ ቦክሰኛ፣ የእስር ቤት ጠባቂ። ያው የምናውቀው የካንትሪ ናፍቆት ነው። የሚናፈቀው ግን ወንድ ነው። ፊቱን ሸፍኖ ሌላውን ሁሉ ዘረገፈው።

አባል፦ ይሄ ካንትሪ አይደለም። ካንትሪ ማለት ኬኒ ሮጀርስ ነው።
ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ኬኒ ሮጀርስስ ግማሹ ፖፕ አይደል? «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም»ን የጻፉት እኮ የፖፕ ባንዶቹ ቢ ጂስ ናቸው።
አባል፦ «ዘ ጋምብለር»ንም ፖፕ በለዋ!
መልስ፦ ኬኒን ለሌላ ቀን አቆዩት። «ፖኒ»ን ሰምታችሁ ተከራከሩ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጌይ የካንትሪ ዘፋኝ እሱ ነው?
መልስ፦ ኧረ በፍጹም። ፓትሪክ ሃገርቲ የሚባል የወተት ገበሬ ልጅ በ1973 እዚያው ሲያትል «ላቬንደር ካንትሪ» የሚባል አልበም አወጣ። የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነው። ከዚያ ዝም። ሰውየው ኑሮውን በሌላ ሥራ ገፋ። አልበሙ እንደገና ታትሞ በሰፊው የታወቀው በ2014 ነው። አርባ ዓመት! ባሰብኩት ቁጥር ይከፋኛል። ደግነቱ በሕይወት እያለ ደረሰለት፤ ያረፈው በ2022 ነው። እሱን ሳታውቁ ኦርቪልን «የመጀመሪያው» አትበሉብኝ።

ጥያቄ፦ ፊቱን ያየ ሰው አለ?
መልስ፦ አልመልስም ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ከ«ፖኒ» በኋላስ?
መልስ፦ ኮሎምቢያ ሪከርድስ ወደሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ሄደ። በ2020 ከካንትሪ ዘፋኟ ሻናያ ትዌይን ጋር ዘፈነ። ከዚያ አልበሞቹ፦ «ብሮንኮ» በ2022፣ «ስታምፒድ» በ2024። በመሃል፣ በ2023፣ ለጤናው ሲል የኮንሰርት ጉዞውን ሰርዟል። በ2024 የካንትሪው አንጋፋ ዊሊ ኔልሰን ስለ ካውቦዮች ድብቅ ፍቅር አብሮት ዘፈነ። ዊሊ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ማንንም ለማስደሰት የሚዘፍንበት ዕድሜ አይደለም። ያን ቀን አለቀስኩ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ጭምብሉን አውልቆ ያውቃል?
መልስ፦ ሦስተኛችሁ! አዎ፣ በ2025 በኒውዮርኩ የቴአትር ሰፈር ብሮድዌይ፣ «ካባሬ» የሚባለውን የሙዚቃ ቴአትር ያለ ጭምብል ተውኗል። በቃ፣ ይሄ ጥያቄ ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ስለሱ በደንብ ንገረን እስቲ።
መልስ፦ ስለ ምኑ? ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የትኛውን አልበም ላስቀድም?
መልስ፦ ከላይ አንብብ።