ለቅሶ ያልተቀመጡለት ልጅ

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጅ ዘግይቶብን ስለነበር፣ ካረገዝኩ ለታኅሣሥ ደርሼ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ። አረገዝኩ። ታኅሣሥ ላይ ግን ሐኪም መንገድ ከለከለኝና ቀረሁ። የካቲት ላይ በሰባት ወሬ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ማሞቂያ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ አረፈ። ክርስትና ስላልተነሳ ፍትሐት አልተደረገለትም። ድንኳን አልተተከለም፣ ለቅሶም አልተቀመጥንም። ባለቤቴና ወንድሙ ወስደው ቀበሩት፤ እኔ ቦታውን እንኳ አላየሁም። የገዛሁለትን ነጭ ኮፍያ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቄዋለሁ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ኪዳን ያደርሳል። እኔ አርባ ቀኔ እንዳለፈ አንድ እሁድ ሄጄ ክርስትና የሚነሱ ሕፃናት ሲያለቅሱ ስሰማ ሮጬ ወጣሁ። መጸለይም አቃተኝ። እሱ «እምነትሽ ቀዘቀዘ» ይለኛል፤ ስለ ልጃችን ግን አንድም ቀን አያነሳም። አማቴ «ስለቱን ስላላደረስሽ ነው» ብለውኛል። የ21 ማርያም የጽዋ ማኅበርተኞቼ አልመጡም፣ እኔም ቀረሁ። ሳይጠመቅ መሞቱን እያሰብኩ እንቅልፍ የለኝም። አንዳንዴ እሱ ጋ ብሄድ ይሻለኝ ነበር እላለሁ። ባለቤቴ ለሐምሌ 19 ቁልቢ እንሂድ ይለኛል። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል እስካሁን ስንት ሰው እንዳለሽ አላውቅም። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ብዙ ሰው አላለሽም። ልጅ ነው የሞተብሽ። ዘጠኝ ቀንም ይኑር ዘጠኝ ዓመት፣ የአንቺ ልጅ ነው።

ወደ ሌላው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «እሱ ጋ ብሄድ ይሻለኝ ነበር» ያልሽው ናፍቆት ብቻ ነው? ወይስ ራስሽን ስለመጉዳት ታስቢያለሽ? እንዴት ብለሽ እስከማሰብ ደርሰሽ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብበሽ እስክትጨርሺ እንኳ አትጠብቂ። ለባለቤትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ ዛሬውኑ አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ናፍቆት ብቻ ቢሆንም መታየት ያስፈልግሻል። ከወለድሽ አራት ወርሽ ነው፤ እንቅልፍ የለሽም። ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ድብርት ደግሞ ይታከማል። የኤደንብራ መጠይቅ የሚባል 10 አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት መለያ አለ። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ እኛም አገር ይሠራበታል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። ሲጠይቁሽ እውነቱን መልሺ፤ ማንም አይፈርድብሽም። የወለድሽበት ቦታ የአእምሮ ጤና ክፍል ከሌለው ሪፈር ይጽፉልሻል።

መድኃኒት ቢያዝዙልሽ «ጸበል ልጠመቅ ወይስ መድኃኒት ልውሰድ» ብለሽ አትጨነቂ። ሁለቱም ይሆናል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። የድብርት መድኃኒትም ከዚያ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። ጸበል ልትገቢ ስትይ መድኃኒት አቋርጪ የሚልሽ ሰው ካለ ግን አትስሚው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እምነትሽ የጠፋ አይመስለኝም። ሐዘንሽ ነው ቦታ ያጣው።

እኛ አገር ሰው ሲሞት የሚደረገውን ታውቂዋለሽ። እድር ድንኳን ይተክላል። ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ዘመድ ከገጠር ይመጣል። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ከዚያ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ይህ ሁሉ ሐዘንተኛውን ብቻውን ላለመተው የተሠራ ነው፤ በሙያዬ ብዙ ዓይነት ድጋፍ አይቻለሁ፣ የዚህን ያህል የሚይዝ ግን አላየሁም። ለአንቺ ከዚህ ውስጥ አንዱም አልደረሰሽም። ሰው ጨክኖብሽ አይመስለኝም። ለጨቅላ ለቅሶ መቀመጥ አልተለመደም፣ ብዙ እድርም ድንኳን አይተክልም። ሰው «ገና ልጅ ነሽ፣ እሱ ይተካልሽ» ይልና ያልፋል። ሊያጽናናሽ ብሎ ነው፤ አንቺ ግን የምትሰሚው «አታልቅሺ» የሚል ነው። ኬኔት ዶካ የሚባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዓይነቱ ኅብረተሰብ እውቅና ያልሰጠው ሐዘን ጽፈዋል። ጨቅላ የሞተባቸው እናቶች ሐዘን ከምሳሌዎቹ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሐዘን መውጫ ስለሌለው ይቆያል፤ ውስጥ ለውስጥ ይበላል።

በዚያ ላይ አርባው ቀን አለ። በሥርዓታችን ወንድ የወለደች እናት እስከ 40፣ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን ቤተ መቅደስ አትገባም። ልጇን ላቀፈች አራስ ያ ጊዜ እረፍት ነው። ገንፎ አለ፣ ጠያቂ አለ። አንቺ ግን እቅፍሽ ባዶ ሆኖ ጡትሽ ወተት እየሞላ ቤት ዋልሽ። ባለቤትሽ በዚያው ጊዜ ማለዳ ተነስቶ እግዚአብሔር ፊት ያለቅስ ነበር። እሱ ማልቀሻ ነበረው፣ አንቺ አልነበረሽም። አሁን ስለ ቤተ ክርስቲያን ስታወሩ የማትግባቡት ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል።

«እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?» ብለሻል። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ መምህረ ወንጌል አይደለሁም። ግን ይህ ጥያቄ አማኝ ከሆነ ሰው ብቻ ነው የሚወጣው። ኬኔት ፓርጋመንት የሚባሉ ተመራማሪ ሰዎች በመከራ ጊዜ እምነታቸውን እንዴት እንደሚይዙ ለብዙ ዓመት አጥንተዋል። አንዳንዱ እግዚአብሔርን ይደገፋል። አንዳንዱ «ቀጣኝ፣ ተወኝ» ብሎ ይታገላል። ብዙ ሰው ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልፍበታል። ትግሉ የሚጎዳው ሲቆይና ሰውዬው አፍሮ ደብቆ ብቻውን ሲይዘው ነው። አንቺ ደብቀሽዋል። ለዚህ ነው የከበደሽ።

ጸሎት አቃተኝ ላልሽው፣ ዳዊት አለሽ አይደል? መዝሙር 87ን አውጪ፤ በአንዳንዱ እትም 88 ነው። እንደ ብዙዎቹ የሐዘን መዝሙሮች መጨረሻው ላይ በምስጋና አይዘጋም። በጩኸት ይጀምራል፣ በጨለማ ያልቃል። ያም ሆኖ ጸሎት ተብሎ መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል፣ ካህናትም ይደግሙታል። ከዚያ አንድ መስመር ብትይ በቂ ነው። ለማመስገን የሚሆን ቃል እስኪመጣልሽ አትጠብቂ። ራሔልም አለች። ማቴዎስ ወንጌል ውስጥ ስለ ልጆቿ ታለቅሳለች፤ መጽናናትን እንቢ አለች ይላል። ወንጌላዊው አልገሠጻትም።

ስለ ስለቱ። እማማ፣ አማትሽ ማለቴ ነው፣ የተናገሩት ከባድ ቃል ነው። ምናልባት እሳቸውም የልጅ ልጃቸው ሞቶባቸው ምክንያት እየፈለጉ ይሆናል፤ ሰው ምክንያት ሲያጣ አጠገቡ ያለውን ይወቅሳል። ቢሆንም በዚህ ቃል መኖር የለብሽም። ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው «ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠየቁ። ጌታ እሱም አልሠራ፣ ወላጆቹም አልሠሩ አለ። አማትሽ ያነሱት ያንኑ የድሮ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ተሰጥቶበታል።

የሕክምናውን በኩል ደግሞ ልንገርሽ። በሰባት ወር የተወለደ ሕፃን ሳንባው ገና አልጠነከረም፤ የሰውነቱን ሙቀትም በራሱ መጠበቅ ይከብደዋል። ማሞቂያ ውስጥ የገባው ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ያለጊዜ መወለድ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። የእነዚያ ሁሉ እናቶች ስለት አልቀረባቸውም። ታኅሣሥ ላይ መንገድ የቀረሽው ልጁን ለማዳን ነው። ሐኪም የመከረሽን ሰማሽ፤ እናት የምታደርገውን አደረግሽ። ስለ ስለቱ አፈጻጸም ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ መፍትሔ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ለአማትሽ መልስ መስጠት ግን የአንቺ ሥራ አይደለም። ባለቤትሽ ነው የእናቱን አፍ መያዝ ያለበት። «እማዬ፣ ሁለተኛ እንዳትያት፤ እኔንም ያመኛል» ይበላቸው።

ወደ እሱ ልምጣ። ስለ ልጃችሁ አያወራም ማለት አላዘነም ማለት አይደለም። ያን ትንሽ አስከሬን በእጁ ተሸክሞ የቀበረው እሱ ነው። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት ሐዘንተኛ ሁለት ነገር እያፈራረቀ ይኖራል፤ አንዴ ሐዘኑ ውስጥ ይገባል፣ አንዴ ወጥቶ የዕለት ኑሮውን ይይዛል። ጤናማውም ይሄው መመላለስ ነው። ባልና ሚስት ላይ ግን ሰዓቱ አይገጥምም። እሱ «እንበርታ» ሲል አንቺ ታለቅሻለሽ። አንቺ ቀና ስትዪ እሱ ይጨልምበታል። ከዚያ «ቀዝቅዘሻል»፣ «ጨካኝ ነህ» ይመጣል።

አንድ ማታ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ተቀመጡ። ኮፍያውን አውጪው። «ይሄን ደብቄው ነበር፤ ብቻዬን መያዝ አቃተኝ» በዪው። ከዚያ ዝም በይ። ቢያለቅስ አታባብይው። ቢቆጣም አትከራከሪው፤ ቁጣም ሐዘን ነው። የተቀበረበትን ቦታ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ውስጥሽ ያወጣሽለት ስም ካለ ንገሪው፤ እሱም አውጥቶለት ሊሆን ይችላል። «እምነትሽ ቀዘቀዘ» ሲልሽ ምን እንደሚሰማሽም ንገሪው፣ ግን ሌላ ቀን። ሁሉንም በአንድ ማታ አትጨርሱት።

ንስሐ አባታችሁ ጋ አብራችሁ ሂዱ። ለቤት ጸበል ሲመጡ በበር ላይ የሚጠየቅ ጉዳይ አይደለም፤ ቀጠሮ ያዙ። እንቅልፍ የነሳሽን ጥያቄ እንዳለ አቅርቢው፦ «አባቴ፣ ልጄ ሳይጠመቅ ነው የሞተው። የት ነው ያለው? እኔስ ለእሱ ምን ላድርግ?» በዚህ ላይ እኔ መልስ አልሰጥሽም፤ ቦታዬም አይደለም። የማውቀው ሰው ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሆዱ ውስጥ ይዞ ሲኖር ምን እንደሚያደርገው ነው። የሚሰጡሽ መልስ ቸኩሎ የተሰጠ ሆኖ ቢያቆስልሽ ሌላ የተማሩ አባት ጠይቂ። የአንድ ሰው የድካም ቀን መልስ የቤተ ክርስቲያን የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እሁድ ጠዋት አትሂጂ። ክርስትና የሚነሱት ሕፃናት በብዛት ያሉት ያን ጊዜ ነው፤ እንኳን አንቺን የቆየ ሐዘን ያለበትንም ሰው ያስለቅሳል። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ጭር ሲል ሂጂ። ዛፉ ሥር ተቀመጪ። መግባት ካቃተሽ ከበር ተሳልመሽ ተመለሺ። ስንት እናት በየቀኑ ደጅ ቆማ ተሳልማ ትሄዳለች፤ ማንም ጎደለባት አይላትም። ሐዘኑ ሲላላ ሌላው ይከተላል።

ማኅበርተኞችሽን ተቀይመሻል፤ አልፈርድብሽም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አብዛኞቹ ምን እንደሚሉሽ ጠፍቷቸው ይመስለኛል የቀሩት። ከመካከላቸው ልብሽ የሚቀርባትን አንዷን ምረጪ። «ለቅሶ አልተቀመጥኩም፤ መጥታችሁ አብራችሁኝ ብትቀመጡ» ብለሽ ላኪባት። ለማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። የጽዋ ማኅበር ግን ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ሁለት ሦስት ሆነው ቡና አፍልተው ቢቀመጡልሽ፣ ስለ ልጁ ቢጠይቁሽ፣ አብረው ቢያለቅሱ ለቅሶው ያኔ ተቀመጠ። በአራተኛ ወሩም ይሆናል።

ስለ ሐምሌ 19 ለጠየቅሽኝ፣ አሁን አትወስኚ። መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩ፤ ንስሐ አባታችሁንም አግኙ። ከዚያ በኋላ ልብሽ ከፈለገ ሂጂ። ዕዳ ለመክፈል፣ ወይም ሌላ ልጅ እንዳይቀጣብሽ ፈርተሽ ከሆነ ግን ዘንድሮ ይቅርብሽ፤ ቁልቢ በየዓመቱ ሁለቴ ይነግሣል። ከዓመታዊው በዓል ሕዝብ መሃል ሕፃን ያዘሉ እናቶች ብዙ እንደሚሆኑም አስቢ። እሱ ብቻውን መሄድ ከፈለገ ይሂድ፤ አንቺ ግን እስኪመለስ ብቻሽን አትደሪ። እናትሽ ወይም እህትሽ መጥተው ይደሩ።