መርምሮ ማግኘትም ይከፈልበታል

የጠያቂዋ ደብዳቤ በአጭሩ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው የአጎቴ ጋራዥ ከተማሪነቴ ጀምሮ ባትላሜራ (የተጎዳ የመኪና ገላ ጥገና) እሠራለሁ። አንድ ደንበኛ ቡና መሸጫ ሊያደርገው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠራ ኤርስትሪም ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት የአሜሪካ ተንቀሳቃሽ ቤት፣ አመጣ። የኋላው ወለል መበስበሱን ደረስኩበት፤ አጎቴ ግን «ላዩን አሳምረን እናስረክብ» ይላሉ። አሁን ባንክ ለሥራ ጠርቶኛል። እናቴ «ለላሜራ ነው ያስተማርኩሽ?» ትላለች። ሴት ሆኜስ ያዋጣኛል? ወይስ ዱባይ ልሂድ?

መልስ፦ ከባንኩም ከእናትሽም በፊት ወደ አጎትሽ እንሂድ። የኋላውን ፓራውልት ስትረግጪው እሱ ወርዶ የአሉሚኒየሙ ገላ ባለበት መቅረቱን ጽፈሻል። ከባዱን ሥራ፣ ብልሽቱን መርምሮ ማግኘቱን፣ ጨርሰሻል ማለት ነው። የእነዚህ ካራቫኖች ሻንሲ ብረት ነው፤ ገላቸው በሪቬት የተያያዘ አሉሚኒየም ነው፤ በመካከል ያለው የኮምፖልሳቶ ወለል ከኋላ መብራትና ከመስኮት በሚሰርግ ውኃ ሲበሰብስ ገላው ሻንሲውን ይለቃል። አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ላይ ሲነካኩ ደግሞ አሉሚኒየሙ እየተበላ ያልቃል። አዲስ ምንጣፍ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም። መጀመሪያ ውኃው የሚገባበት ይደፈን፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ይውጣ፤ የዛገው ሻንሲ ይበየድ፤ ጠርዙ በኢፖክሲ (ውኃ በማያስገባ ማጣበቂያ) የታሸገ አዲስ ወለል ከዚያ በኋላ ይታሰር። አለበለዚያ በሚመጣው ክረምት ወለሉ የሚከዳው ቡና የምታፈላዋን ልጅ ነው።

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ኢንሹራንስ ውስጥ የተሽከርካሪ ጉዳት ገማች ነበርኩ። በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ዝገት ስንቱን ቤተሰብ እንዳከሰረ አይቻለሁና በዚህ ጉዳይ ለስላሳ ቃል አትጠብቂብኝ።

ገንዘቡ ላይም እንደዚሁ። አጎትሽ «የቤተሰብ ነው» እያሉ የኪስ ገንዘብ ብቻ የሚሰጡሽ ከሆነ እናትሽ ተሳስተዋል ማለት አልችልም፤ የተሳሳቱት ጥፋቱን በላሜራው ላይ በመጣላቸው ነው። የወር ደመወዝ ይቁረጡልሽ። ከጥገናው በፊት ለብቻው የሚከፈል የምርመራ ዋጋም ይኑር። ዲግሪሽ ሥራ ላይ የሚውለው እዚህ ነው፤ ብልሽቱን፣ የዕቃውን ዋጋና የእጅ ሥራውን ክፍያ ከፎቶግራፍ ጋር በአንድ ገጽ አውጪና ፈርመሽ ስጪ። ባትላሜራ ሠሪ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ግምቱን ጽፎ የሚፈርም ግን ፈልገሽ ነው የምታገኚው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የነዳጅ መኪና ያለው ሰው አሮጌውን ከማስጠገን ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም።

አጎትሽ እምቢ ካሉ ባንኩን ያዢ፤ እዚያ ሆነሽ ለኢንሹራንስ ድርጅቶች የጉዳት ግምት ክፍል አመልክቺ። ሒሳብም ላሜራም የሚያውቅ ሰው በእኔ ጊዜ ብርቅ ነበር።

ሴት መሆንሽ ደንበኛውን ያስገርመው ይሆናል፤ የተፈረመውን ግምት ሲያነብ ይረሳዋል። ዱባይን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሳትይዢ አታስቢው።

ስለ ወለሉ ግን ለደንበኛው በዚህ ሳምንት ንገሪው፤ አጎትሽ ባሉበት።