«አስወረደችብኝ» ውስጥ ያለችው «ብ»

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ሰሞን ቲክቶክ ላይቭ ላይ ስለ ወንዶች መብት ክርክር ነበር። አንድ ሰው «ሚስቴ ሳታማክረኝ አስወረደችብኝ፤ የአባት መብት የሚባል ነገር የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት ሴት «አስወረደች በል! ‹ብኝ› ምን ትሠራለች? ማህፀኑ ያንተ ነው?» አለችው። ሌላ ሰው ገብቶ «ቋንቋው ራሱ ይመሰክርልናል፤ ፅንሱ የባልም ስለሆነ ነው አማርኛ ‹ብኝ› የሚያሰኘው» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ተረስቶ ጭቅጭቁ በ«ብኝ» ላይ ሆነ። በቋንቋው ማን ነው ትክክል? ደግሞስ የሚባለው «ማስወረድ» ነው ወይስ «ማቋረጥ»?

መልስ፦ አስቀድሜ በአጭሩ ልመልስ። «አስወረደችብኝ» ምንም እንከን የሌለው አማርኛ ነው። ሴትዮዋ «ብኝን አውጣት» ማለታቸው አያስኬድም። «ቋንቋው ይመሰክርልናል» ያሉት ሰው ግን የባሰ ተሳስተዋል። «ብኝ» የምትመሰክረው ስለ ጉዳት ነው። ስለ ባለቤትነት አንድም ነገር አትናገርም።

ስለዚህች «ብ» ለዓመታት ስከራከር ኖሬአለሁ። ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ፊደል ያያታል። አሁን ደግሞ የመብት ማስረጃ ሊያደርጓት የሚፈልጉ መጥተዋል። ሁለቱም አይገባትም።

በየቀኑ አፋችን ላይ ያለውን እንይ። «መሸብኝ» እንላለን። «መብራት ጠፋብኝ»፣ «እናቴ ታመመችብኝ» እንላለን። «መሸብኝ» ያለ ሰው ሌሊቱ የእኔ ነው አላለም። ገና መንገድ ላይ ነኝ፣ መምሸቱ ጎዳኝ ነው ያለው። ነገሩ ይበልጥ የሚጠራው ንብረቱ የሌላ ሰው ሲሆን ነው። «ጎረቤቴ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ከፈተብኝ» ስንል ቴፑም ቤቱም የጎረቤት ነው። «በሩን ዘጋብኝ» ስንል በሩ የዘጊው ሊሆን ይችላል። በሩን መዝጋትም መብቱ ሊሆን ይችላል። «ብኝ» ግን አትሰረዝም፤ ውጭ የቀረሁት እኔ ነኝና።

ስለዚህ ባልየው «አስወረደችብኝ» ሲሉ ልጅ እጠብቅ ነበር፣ ሳልሰማ ቀረ፣ አዘንኩ ማለታቸው ነው። ይህን እንዳይሉ የሚከለክል ሰዋስው የለም። ሰው ሐዘኑን በቋንቋው ሊናገር ይገባዋል። «አስወረደች» ብቻ ይበሉ ማለት ሐዘን አልደረሰብህም ብሎ መፍረድ ነው። ይህንን ደግሞ ከራሳቸው በቀር ማንም አያውቅም።

የ«ብ»ን ጠባይ በደንብ ለማየት እህቷን «ል»ን አጠገቧ ማቆም ነው። ዘሩን በትኖ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሰነበተ ገበሬ ዝናብ ሲጥል «ዘነበልን» ይላል። እህሉ አውድማ ላይ ተከምሮ ሳለ ዝናብ ሲመጣ «ዘነበብን» ይላል። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። የተለየው የሚነገርለትና የሚነገርበት ሰው ያለበት ሁኔታ ነው። እዚሁ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ ከሚነሳው ነገር ምሳሌ ላምጣ። ወላጆች ተለያይተው ፍርድ ቤት ለልጅ ቀለብ ሲወስን፣ ልጁ «ቀለብ ተቆረጠለት»፣ አባትየው «ቀለብ ተቆረጠበት» ይባላል። ውሳኔው አንድ ነው፣ ብሩም አንድ ነው። አንዲት ፊደል ብቻ ከተቀባዩ ወደ ከፋዩ ዞረች። ከ«ተቆረጠበት» ተነስቶ አባትየው ተበድሏል ብሎ መደምደም አይቻልም። ከ«ተቆረጠለት» ተነስቶ ፍርዱ ትክክል ነው ማለትም አይቻልም።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ፤ ተቃዋሚዎቼ የሚመኩት እዚያ ነውና። እንዲህ የሚሉ አሉ፦ «ብ» የመጣችው ከግዕዙ «ብየ» ነው፤ «ብየ» ደግሞ «አለኝ» ማለት ነው፤ ስለዚህ «ብኝ» ውስጥ «የእኔ» የሚል ትርጉም ተቀብሯል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ግዕዝ «ብየ፣ ብከ፣ ብኪ፣ ቦ፣ ባ» እያለ «አለኝ፣ አለህ፣ አለሽ፣ አለው፣ አላት» ይላል። ሲያፈርስ «አልብየ»፣ «አልቦ» ይላል። «ቦ ጊዜ ለኵሉ» ስንል «ለሁሉም ጊዜ አለው» ማለታችን ነው። ዜሮን «አልቦ» የምንለውም ከዚሁ ነው። መነሻዋ ግን መስተዋድዱ «በ» ነው። «ብየ» ቃል በቃል «በእኔ» ማለት ነው፤ በእኔ ዘንድ ይገኛል እንደማለት። እንዲያውም «መጣበት»፣ «ጠፋበት» ስንል መጨረሻ ላይ የምትሰማው «ት» ከግዕዙ «ቦቱ» የተረፈች ትመስለኛለች። «ለት» ላይ ያለችውም እንዲሁ ከ«ሎቱ»።

የተቃዋሚዎቼ ስሕተት መንገዱን እኩሌታው ላይ መተዋቸው ነው። አማርኛ «አለኝ» ማለትን ከ«ብ» ነጥቆ ለ«አለ» ሰጥቶታል። «ገንዘብ አለኝ» እንላለን፤ «ብ» የለችበትም። «ብ»ን ስንጨምርባት ምን ይሆናል? «አለብኝ» ይሆናል። «ዕዳ አለብኝ»፣ «ሥራ አለብኝ»፣ «መሄድ አለብኝ»። አማርኛ «ብ»ን ከሀብት አውጥቶ ለሸክም አሳልፎ ሰጣት። «ብኝ» ለባልየው አንዳች ነገር ታወርሳለች ከተባለ የምታወርሰው ሸክም እንጂ ንብረት አይደለም።

የሕግ አማርኛም ይህን ልዩነት አጥብቆ ይጠብቃል። መብት ሲደነግግ «መብት አለው» ይላል፤ ግዴታ ሲጥል «ግዴታ አለበት» ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ስለ ሴቶች ሲናገር፣ ንዑስ አንቀጽ 9 በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከል የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። እዚህች አንዲት ሐሳብ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን አሉ። ጉዳቱ «የሚደርስባቸው» ነው፣ «ባ» አለችበት። መብቱ «አላቸው» ነው፣ «ባ» የለችበትም። መብት የሚጠይቅ ሰው ማሳየት ያለበት «አለኝ»ን ነው። «ብኝ»ን ይዞ ቢመጣ ጉዳቱን ብቻ ነው የሚያስረዳው።

የአባት መብት የሚባል ነገር አለ ወይ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ለሰዋስው የሚቀርብ አይደለም። ጥያቄው ግን እውነተኛ ነው፣ አላጣጥለውም። ቀለብ ሲጠየቅ አባት፣ ሲወሰን ግን ባዳ ሆንኩ የሚል ሰው የተሰማውን ነው የሚናገረው። በየአገሩም ዳኞች ፊት ቀርቧል። እርስዎ ባሉበት አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 የባልን የጽሑፍ ፈቃድ የሚጠይቀውን የሚዙሪ ሕግ ሽሮታል። በ1992 ደግሞ ባሏን ማሳወቅ አለባት የሚለውን የፔንሲልቫኒያ ድንጋጌ ሽሯል። በ2022 ፍርድ ቤቱ ራሱ ውርጃ ሕገ መንግሥታዊ መብት መሆኑን ሲያስቀር ውሳኔውን ለየግዛቶቹ መለሰ፤ ለባሎች አልሰጠም። እኛ አገር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል። አስገድዶ መድፈር፣ የዘመድ እርግዝና፣ የእናት ወይም የልጅ ሕይወትና ጤና አደጋ ላይ መሆን፣ የፅንሱ የማይድን ጉድለት፣ የእናት ለማሳደግ ዝግጁ አለመሆን በአካል፣ በአእምሮ ወይም በዕድሜ ምክንያት። የባል ፈቃድ የሚል ሁኔታ እዚያ ውስጥ የለም። ይህ ፍትሐዊ ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። ክርክሩ ግን በ«ብ» አይረታም።

እዚህ ላይ የማልወደውን አንድ አነጋገር ሳልናገር አላልፍም። «አረገዘችብኝ» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ሰዋስው ይቀበለዋል፤ ከላይ ባልኩት መሠረት ሰውዬው ችግር ደረሰብኝ ማለቱ ነው። እኔ ግን አልቀበለውም። «ታመመችብኝ» ሲል በሽታውን ያመጣው እሱ አይደለም። «ዘነበብኝ» ሲል ዝናቡን ያዘነበው እሱ አይደለም። «አረገዘችብኝ» ሲል ግን አድራጊው ራሱ ነው፤ «ብ»ን ከለላ አድርጎ ከተጎጂ ወገን ይቆማል። አማርኛ ለዚህ አስደራጊ ግስ አለው፦ «አስረገዝኳት»። ቃሉ ድርሻውን ይናገራል። አባትነቱን ሊጠይቅ የሚፈልግ ወንድ ከዚህ ቃል ይጀምር። አሁን «አረገዘችብኝ» በየሰፈሩ፣ በየድራማው ተለምዷል። ስሕተት ነው ብዬ ልሰርዘው አልችልም፤ ተማሪዎቼ ሲጽፉት ግን ከሥሩ አሰምርበታለሁ።

ከ«ብ» ይልቅ ሰው ሊጠነቀቅለት የሚገባው ግን ሌላ ፊደል ነው። «አስወረደች» እና «አስወረዳት» አንድ አይደሉም። «አስወረደች» ሲባል የግሱ ባለቤት እሷ ናት፤ አስባ አደረገችው። ለዚያውም «አወረደ» ሳይሆን «አስወረደ» ነውና በሌላ እጅ ወይም በመድኃኒት አሠራችው። «አስወረዳት» ሲባል ግን እሷ ተሳቢ ናት። ባለቤቱ የማይታወቅ ነገር ነው። «አስነጠሳት»፣ «አስመለሳት»፣ «አመማት»፣ «ራባት» እንደምንለው ሰውነቷ ሳትፈልግ ያመጣባት ነው። ለዚሁ «ጨነገፈ» የሚል ግስም አለን፤ ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን «ጭንጋፍ» ያለበት።

በአንድ የማውቀው ቤተሰብ ውስጥ ይህ ልዩነት ሰው አቆስሏል። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሌሊት ደም ፈሰሳትና ሐኪም ቤት ወሰዷት። እህቷ ለዘመድ አዝማድ «ሌሊት አስወረዳት» ብላ በቴሌግራም ጻፈች። ዜናው ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ «አስወረደች» ሆኗል። «አንቺ እንኳን ተረፍሽ» ሊሏት የሚገባቸው አክስቶች ለሳምንታት ሳይጠይቋት ቀሩ። ስለ ቋንቋና ስለ ሴቶች የሚከራከሩ ሁሉ በ«ብኝ» ላይ ከሚያባክኑት ጉልበት ግማሹን ለ«ዳት» ቢያውሉት ደስ ይለኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። «ማቋረጥ»ን የሚመርጡ ሰዎች «ውርጃ» ውስጥ «ውርደት» ይሸታል ይላሉ። ግሱ አንድ መሆኑ እውነት ነው። ከ«ፈረደ» «ፍርጃ»፣ ከ«መረጠ» «ምርጫ» እንደሚወጣ ከ«ወረደ» «ውርጃ» ይወጣል። ግን «ወረደ» በራሱ ነውር የለበትም። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት «ዘወረደ» ይባላል፤ ከሰማይ የወረደው ማለት ነው። ከዚያ በላይ የከበረ አወራረድ የለም። ነውሩን ያመጣው ሰው ነው፤ ሰው ነገሩን እስከነወረው ድረስ በ«ማቋረጥ»ም ላይ ያመጣዋል።

«ማቋረጥ» ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። «ቆረጠ» ሲደራረግ «ተቋረጠ፣ አቋረጠ» ይሆናል፤ ቅርጹ አደራራጊ ነው። መንገድ ይቋረጣል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ስልክ ይቋረጣል። እነዚህ ሁሉ ሊቀጠሉ ይችላሉ። ትምህርቱን ያቋረጠ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። ፅንስ ግን ከተቋረጠበት አይቀጠልም። ለጆሮዬ ቃሉ እውነቱን አይሞላም። አንዲት ሴት የወሰነችው ከባድ ነገር ከሆነ ክብደቱን የሚሸከም ቃል ይገባታል ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ተሸንፌአለሁ። የወንጀል ሕጉ የሚለው «ፅንስን ማቋረጥ» ነው። የጤና ባለሙያዎችም ሲያማክሩ «ማቋረጥ ትፈልጊያለሽ?» ነው የሚሉት፤ ፊት ለፊታቸው ለተቀመጠች የተጨነቀች ልጅ ቃሉ እንደሚቀላት ነርሶች ነግረውኛል። ይህን ልከራከረው አልችልም። ስለዚህ በሕግና በሐኪም ቤት «ማቋረጥ» ይበሉ። እኔ በራሴ ጽሑፍ «ውርጃ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የትኛውንም ቢመርጡ «ፅንስ»ን በፀሐዩ «ፀ» ይጻፉ፤ የግዕዙ ግስ «ፀንሰ» ነው።