መልስ፦ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መስማት ይተርፋል ወይ?
ወንድሜ፣ የእናትህ አኩስቲክ ኒውሮማ (በመስማትና በሚዛን ነርቭ ላይ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ) 12 ሚሊሜትር ነው፤ ዕጢው ከወጣ በኋላ በዚያ ጆሯቸው ይሰማሉ ወይ ብለሃል። እርግጡን ማንም አይነግርህም። ፍንጭ ግን አለ።

ዋናው አሁን ያላቸው የመስማት አቅም ነው። በመስማት ምርመራው ሊሰሙት የቻሉት ዝቅተኛ ድምፅ በአማካይ ከ50 ዴሲቤል ካልበለጠ፣ ከሚነገራቸው ቃላትም ቢያንስ ግማሹን ለይተው ከደገሙ፣ ለማዳን የሚያበቃ መስማት አለ ይባላል። ቃል መለየቱን አደራ እንዳትረሳ! ድምፁን እየሰሙ ንግግሩ የማይገባቸው ብዙ ናቸው።

መጠኑ ትንሽ መሆኑም ጥሩ ነው። ኤምአርአዩ ላይ ደግሞ በዕጢው ጫፍና በውስጠኛው ጆሮ መካከል ፈሳሽ ይታይ እንደሆነ ጠይቅ። ከታየ ዕጢው ነርቩ የሚያልፍበትን የአጥንት ቦይ እስከ ጥግ አልሞላውም፤ ተስፋው ይጨምራል።

በየት በኩል እንደሚገቡ ሳትጠይቅ ግን እንዳትወጣ። በላብሪንት (በራሱ በውስጠኛው ጆሮ) በኩል የሚሠራው ኦፕራሲዮን የዚያን ጆሮ መስማት ያጠፋል። ከጆሮ ኋላ ወይም ከላይ በኩል ሲገቡ ነው መስማትን ለማትረፍ የሚሞከረው። ያኔም ቢሆን ነርቩ ደህና ሆኖ፣ ውስጠኛውን ጆሮ የምትመግበው ቀጭን የደም ሥር ከተጎዳች መስማቱ ሊሄድ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ኦፕራሲዮን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራም ጠይቀው፤ አይቀየምህም።