ከመጋረጃ ጀርባ እንጀራ አለ ወይ?

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሥራ አላገኘሁም። ጓደኞቼ ዩቲዩብ ላይ የሚለቁትን ድራማ ድምፅ የማስተካክለው እኔ ነኝ። ስሠራው ሰዓቱ አይታወቀኝም። ቤተሰቦቼ ግን «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። ማንም በማያውቀው ሙያ እንጀራ ይበላል?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። አዎ፣ ይበላል። መጀመሪያ ላይ ግን ቀጭን ነው፤ ያንን አልደብቅሽም።

«ማንም በማያውቀው» ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። የካሴትና የሲዲ ሽፋን ገልብጦ «ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ማስተሪንግ» የሚለውን፣ ማለትም ሙዚቃውን ያቀናበረውን፣ ድምፆቹን ያመጣጠነውንና የመጨረሻውን ማስተካከያ የሠራውን ሰው ስም የሚያነብ አድማጭ ድሮም ነበረን። ኤልያስ መልካ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር አዝኗል። ሰው በብዛት የሚያውቀው በአቀናባሪነቱ ነው። የእዮብ መኮንንንና የዘሪቱ ከበደን ዘፈኖች በወደድን ቁጥር የእሱንም ጆሮ ወደናል።

ዲግሪሽንም ባክኗል ብለሽ አትዘኚ። የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርትዝ መሆኑን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) በደንብ ያልታሰረ ስቱዲዮ ውስጥ ያ ሞገድ «እምምም» የሚል የማያቋርጥ እምምታ ሆኖ ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ብዙ ልጆች በሶፍትዌር ሊያጠፉት ሲታገሉ የተዋናዩን ድምፅ አብረው ያሳሱታል። አንቺ ገመዱን ተከትለሽ ምንጩ ጋ መድረስ ትችያለሽ። ይህን የሚችል ሰው እንደ ልብ አይገኝም።

ያ ጫጫታ ራሱ አንዳንዴ ሀብት ነው። በፈረንጆቹ 1977 በወጣው ስታር ዋርስ ፊልም ላይ የብርሃን ጎራዴው የሚያሰማውን ድምፅ የፊልሙ ድምፅ ባለሙያ ቤን በርት የሠራው ከፊልም ማሳያ ማሽን ሞተርና ከቴሌቪዥን እምምታ ነው። ሌላው የሚሸሸውን ሰብስቦ ነው ዓለም የሚያውቀውን ድምፅ የፈጠረው።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ድራማ እንምጣ። ቡና የሚወቀጥበት ትዕይንት አለ እንበል። እናት እየወቀጠች ለልጇ ከባድ ነገር ትነግረዋለች። ዘነዘናው በየቃሉ ላይ ካረፈ ንግግሩ ይጠፋል። ስለዚህ ንግግሩ ሲቀረጽ ተዋናይቷ እንቅስቃሴውን ብቻ ታሳይ። የውቀጣውን ድምፅ ለብቻው ቅረጪው፤ ከዚያ ቃሉ ባለቀበት ቦታ ላይ አስገቢው። አንድ ምት ከመልሱ በፊት ብታዘገዪ ተመልካቹ ትንፋሹን ይይዛል። ይህን የሚያደርገው ተዋናይ አይደለም፤ አንቺ ነሽ። ደግሞ ከየክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉንም ዝም አሰኝተሽ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለሠላሳ ሰከንድ ቅረጪ። ኤዲት ስታደርጊ የተቆረጠውን ቦታ የሚሸፍንልሽ እሱ ነው። ወያላው ውጭ ቢጮህ እንኳ መውጫ ይኖርሻል።

ሥራው የት አለ ካልሽ፣ በፊልም ብቻ አትወሰኚ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሥርጭት ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያስቀረጸ ነው የመጣው፤ ዱቢንግ ደግሞ ያለ ድምፅ ባለሙያ አይታሰብም። ራዲዮ፣ የማስታወቂያ ስቱዲዮ፣ የአዳራሽ ድምፅ ሁሉ አለ። የመጀመሪያ ገቢሽ ከአዳራሽ ቢመጣ አይግረምሽ። ሶፍትዌር ለመግዛት አትጨነቂ፤ ቪዲዮና ድምፅ ኤዲት የሚደረግበት የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው እትም ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

በመጨረሻ ስለ ውል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙ (እንደ ዘፋኝና ተዋናይ ላለው)፣ ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩና ለብሮድካስት ድርጅቱ ተዛማጅ መብት ይሰጣል። ድምፅ ቀራጩን በስሙ አይጠራም። ስለዚህ አንቺን የሚጠብቅሽ የፈረምሽው ወረቀት ነው። ጓደኛሞች ብትሆኑም ሦስት ነገር አስጽፊ፦ ክፍያው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል፣ እርማት እስከ ስንት ጊዜ እንደምትሠሪ፣ ስምሽና ሙያሽ ሥራው መጨረሻ ላይ እንደሚጻፍ። ሦስተኛውን በነፃ ለምትሠሪውም ቢሆን አትተይው። ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያገኝሽ በእሱ ነው፤ ለቤተሰቦችሽም ከእኔ ምክር ይልቅ ቴሌቪዥን ላይ የተጻፈ ስምሽ ይቀላቸዋል።